ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣ ሕመም፦ በመድኃኒት ሙከራ መሳተፍ ለኢትዮጵያውያን ለምን ይጠቅማል?

ሕመም የማይሰማው ቀዶ ሕክምና ታሪኩ የሚጀምረው ከአትላንታ ብዙም በማትርቅ ትንሽ ከተማ ነው። ሐኪሙ ክራውፎርድ ሎንግ ማርች 30 ቀን 1842 እ.ኤ.አ. በጆርጂያዋ ጄፈርሰን ከተማ ለአንድ ወጣት ኤተር አሽትቶ ከአንገቱ ላይ እብጠት አወጣለት። ውጤቱን በጽሑፍ ያሳተመው ግን በ1849 ሲሆን፣ ቦስተን ላይ በ1846 በአደባባይ የታየው ሙከራ ቀድሞት ስሙን ወስዶ ነበር። ዛሬ በአሜሪካ ማርች 30 የሐኪሞች ቀን ሆኖ ይከበራል።

የዚያው ሐኪም ጽሑፍ አንድ አሳዛኝ ነገርም ይዟል። ኤተሩ በእርግጥ የሚሠራ መሆኑን ለማረጋገጥ የአንድ ጥቁር ልጅ ሁለት ጣቶችን ሲቆርጥ፣ ለአንዱ ኤተር ሰጥቶ ለሌላው ከለከለው። ልጁ በአንደኛው ምንም አልተሰማውም፤ በሌላኛው ተሠቃየ። ነገሩ የሆነው በባርነት ዘመን ነው። ከዚህ ማነጻጸር እውቀት ቢገኝም፣ የተገኘው ራሱን ማስከበር በማይችል ሰው ሥቃይ ነበር።

በጎረቤት አላባማ ከ1932 እስከ 1972 የተካሄደው የተስኪጊ ጥናትም የዚሁ ጠባሳ ሌላው ገጽ ነው። ወደ 600 የሚሆኑ ጥቁር ወንዶች የተካተቱበት ሲሆን፣ የቂጥኝ ሕሙማኑ ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላ እንኳ ሳይታከሙ እንዲቆዩ ተደረገ። የአሜሪካ መንግሥት በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ1997 ነው። በጥቁሮችና በስደተኞች ዘንድ «መሞከሪያ ሊያደርጉን ነው» የሚለው ስጋት መሠረት የሌለው አይደለም። ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት የተመራማሪ ግዴታዎችም በአብዛኛው ከእንዲህ ያለ በደል የተወለዱ ናቸው።

የደም ውርስ ልዩነት

አለመሳተፍም ዋጋ አለው። በስዊድን ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት የሚሠሩት ፕሮፌሰር እሌኒ አክሊሉ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1996 ያሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን መካከል 29 ከመቶ ያህሉ ሲ.ዋይ.ፒ.2ዲ6 የተባለውን ኢንዛይም የሚያዘው ዘረ-መል ተደራቢ ቅጂ እንዳላቸው አሳየ። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ የሚገኘው ከመቶ በአንድ ወይም በሁለት ሰው ብቻ ነው።

ነገሩ ከቀዶ ሕክምና ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ኮዴይን የተባለው የሕመም ማስታገሻ ሕመምን የሚያስታግሰው ጉበት ውስጥ በዚህ ኢንዛይም አማካይነት ወደ ሞርፊን ሲለወጥ ነው። ተደራቢ ቅጂ ያለው ሰው መድኃኒቱን እጅግ በፍጥነት ስለሚለውጠው፣ ለሌላው ልክ የሆነው መጠን ለእርሱ አተነፋፈስን እስከማፈን ሊያደርስ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የቶንሲል ቀዶ ሕክምና ባደረጉ ልጆች ላይ የሞት አደጋ ከደረሰ በኋላ በ2013 ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አወጣ። በ2017 ደግሞ ኮዴይንና ትራማዶል ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች እንዳይሰጡ ከለከለ፤ ለሚያጠቡ እናቶችም እንደማይመከሩ አሳሰበ።

በአንጻሩ ከሰመመን በኋላ ለሚመጣ ማቅለሽለሽና ማስታወክ የሚሰጠው ኦንዳንሴትሮን በእነዚሁ ሰዎች ሰውነት ውስጥ ቶሎ ስለሚብላላ ሳይሠራ ሊቀር ይችላል። አንዱ መድኃኒት ይበዛባቸዋል፤ ሌላው ያንሳቸዋል ማለት ነው። የመድኃኒት መጠን የሚወሰነው በሙከራው በተሳተፉ ሰዎች ሰውነት ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ፣ በሙከራው ያልተወከለ ሕዝብ በሌላ ሕዝብ ልክ የተሰፋ ልብስ ይለብሳል።

ሙከራው እንዴት ይካሄዳል?

አዲስ መድኃኒት በመጀመሪያ በጥቂት ሰዎች ላይ ደኅንነቱ ይፈተሻል፤ ከዚያ መጠኑና ውጤቱ ይታያል፤ በመጨረሻ በብዙ ሰዎች ላይ ከነባር ሕክምና ወይም ከማስመሰያ መድኃኒት ጋር ይነጻጸራል። ማን የትኛውን እንደሚወስድ በዕጣ ይወሰናል። ታካሚውም ሐኪሙም አያውቁትም።

«ማስመሰያው ቢደርሰኝ በሕመም ልሠቃይ ነው?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። በጃንዋሪ 2025 የተፈቀደው ሱዝትሪጂን የተባለ ማስታገሻ መልሱን ያሳያል። ይህ መድኃኒት ከኦፒዮይድ ወገን አይደለም፤ የሕመም መልእክት ወደ አንጎል ከመድረሱ በፊት በነርቮች ላይ ያግደዋል። በሆድና በእግር ጣት ቀዶ ሕክምና በተካሄዱት ሁለት ሙከራዎች፣ ሕመሙ ያልታገሠላቸው ተሳታፊዎች ሁሉ ተጨማሪ አይቡፕሮፌን እንዲወስዱ ተፈቅዶ ነበር። መድኃኒቱ ከማስመሰያው በልጦ ተገኘ፤ ከተነጻጸረበት ኦፒዮይድ ግን የላቀ መሆኑ አልተረጋገጠም።

በእንዲህ ያለ ጥናት የሕመም መለኪያው የታካሚው ቃል ነው፤ ከዜሮ እስከ አሥር ባለው ቁጥር ይገለጻል። ሕመምን ችሎ ዝም ማለትን እንደ ጨዋነት የሚቆጥር ሰው አሥሩን «አራት» ካለ ራሱንም ጥናቱንም ይጎዳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው እዚህም ይሠራል።

ከመፈረም በፊት

በአትላንታ የኤሞሪ ዩኒቨርሲቲና የሞርሃውስ የሕክምና ትምህርት ቤት ሐኪሞች በግሬዲ ሆስፒታል ሳይቀር ያክማሉ፤ ያስተምራሉ። በከተማዋ ተሳታፊ የሚፈልጉ ጥናቶችን ማንም ሰው የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት በሚያስተዳድረው የሙከራዎች መዝገብ በነጻ መፈለግ ይችላል።

የስምምነቱ ማብራሪያ ተሳታፊው በሚገባው ቋንቋ መሰጠት እንዳለበት ሕጉ ያዝዛል። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችም ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ስለዚህ ልጅን ወይም ዘመድን ማስተርጎም አያስፈልግም፤ አማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነው።

ተሳታፊው ሊጠይቃቸው ከሚገቡ ጥያቄዎች መካከል እነዚህ ይገኙበታል፦ ጥናቱ ከተለመደው ሕክምና በምን ይለያል? ማስታገሻው ካልሠራ ምን ይሰጠኛል? ዘረ-መሌ ይመረመራል? ውጤቱንስ ማን ያየዋል? ጉዳት ቢደርስ የሕክምናውን ወጪ ማን ይሸፍናል? የመጨረሻው በተለይ መረሳት የለበትም፤ የፌዴራል ሕጉ ካሳ እንዲከፈል አያስገድድምና።

ታካሚው በበኩሉ የሚወስደውን ሁሉ፣ ጫትንና የባህል መድኃኒትን ጨምሮ፣ ለሰመመን ሐኪሙ በግልጽ መናገር ይገባዋል። በቤተሰቡ ውስጥ በሰመመን ጊዜ አደጋ የደረሰበት ሰው ካለም እንዲሁ፤ አንዳንዱ ችግር በዘር ይተላለፋል።

ተሳትፎ በፈቃድ ነው። እምቢ ያለም ሆነ ጀምሮ ያቋረጠ ሰው ሊያገኘው የሚገባው ሕክምና አይቀርበትም። በክራውፎርድ ሎንግ ቢላ ሥር የነበረው ልጅ ያልተሰጠው ምርጫ ይህ ነበር።