ከሲታ ገበሬና የስኳር በሽታ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ የዓባይን በረሃ ወርዶ የወጣ መንገደኛ ጎጃም ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኛት ከተማ ደጀን ናት። በዚህ ደጋ ስለ ስኳር በሽታ ወሬ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚሰማው የሀብታም በሽታ፣ የከተማ በሽታ፣ የወፍራም ሰው በሽታ እየተባለ ነው። ከንጋት እስከ ማታ ሞፈርና ቀንበር ይዞ የሚውል፣ እንጀራ በሽሮ በልቶ የሚያድር ወጣት ስኳር ይይዘዋል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። ልጁ ሲከሳ ሳንባው ተነካ ይባላል፤ ዓይን በላው፣ ቡዳ ነው የሚልም አይጠፋም። ውኃ ጠጥቶ አልረካ ማለቱን፣ ሌሊት ለሽንት ሲመላለስ ማደሩን ከክሳቱ ጋር የሚያያይዘው የለም።

በሽታው ግን ከሲታውን ገበሬም ይይዛል። ይህን በጥናት ካሳዩት ሐኪሞች ግንባር ቀደሟ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የውስጥ ደዌ ሐኪምና መምህር የሆኑት ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙ ናቸው። የጎንደር የጤና ትምህርት ቤት ሲመሠረት ዓላማው የገጠሩን ሕዝብ ማገልገል ነበር፤ የእሳቸው ሥራ ከዚያ ዓላማ ጋር የሚሄድ ሆኖ ይታየኛል።

ወደ ጥናቱ ከመግባቴ በፊት በሰውነት ውስጥ የሚሆነውን ላስረዳ። የበላነው እንጀራ ወደ ስኳርነት ተለውጦ ደም ውስጥ ይገባል። ከሆድ ዕቃ የሚመጣውን ደም መጀመሪያ የሚቀበለው ጉበት ነው። ጉበት እንደ ጎተራ ነው፤ ስንበላ ትርፉን ያስቀምጣል፣ ስንራብና ስንተኛ ደግሞ ካስቀመጠው እየቀነሰ ለደም ይሰጣል። መቼ ማስቀመጥ፣ መቼ መስጠት እንዳለበት ከሚነግሩት ዋናው ከሆድ ጀርባ ካለው ቆሽት የሚወጣው ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊን ሲጠፋ ጉበት ሰውየው በልቶም ቢሆን እንደተራበ ቆጥሮ ስኳር መልቀቁን ይቀጥላል። ጡንቻም በበኩሉ ደም ውስጥ የሞላውን ስኳር መውሰድ ያቅተዋል። ትርፉ ስኳር ውኃ እየሳበ በሽንት ይወጣል፤ ጥማቱም ሽንቱም ከዚህ የመጣ ነው። ሰውነት ሌላ ማገዶ ፍለጋ ስቡን ማቅለጥ ይጀምራል፣ ጉበትም የቀለጠውን ስብ ኪቶን ወደሚባል አሲድ ይለውጠዋል። ኪቶኑ ሲበዛ ትንፋሽ የበሰለ ፍሬ ዓይነት ሽታ ያመጣል፣ በሽተኛው ያስመልሰዋል፣ በረጅሙ ይተነፍሳል፣ ከዚያም ራሱን ይስታል። ኢንሱሊን ቶሎ ካልደረሰለት ይሞታል። በ1921 እ.ኤ.አ. በካናዳዋ ቶሮንቶ ኢንሱሊን እስኪገኝ ድረስ በዓለም ሁሉ የሚሆነው ይኸው ነበር።

ሁለት ዓይነት የስኳር በሽታ በሰፊው ይታወቃል። አንደኛው ዓይነት የሰውነት መከላከያ የራሱን ቆሽት ሲያጠቃ የሚመጣ ሲሆን በአውሮፓ ብዙ ጊዜ በልጅነት ይጀምራል። ሁለተኛው ዓይነት ኢንሱሊን እያለ ሰውነት አልታዘዝ ሲለው የሚመጣ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከውፍረትና ጉበት ላይ ከሚከማች ስብ ጋር አብሮ ይሄዳል። በከተሞቻችን እየበዛ ያለው ይህኛው ነው።

በጎንደር ዙሪያ ከገጠር የሚመጡት በሽተኞች ከሁለቱም ጋር በትክክል አልገጥም አሉ። ያለ ኢንሱሊን መኖር የማይችሉ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ግን ከልጅነት ያለፈ፣ በአብዛኛው ወንዶች፣ በጣም ከሲታና ድሆች ናቸው። ሽታዬ ዓለሙ ከጎንደር ባልደረቦቻቸው፣ ከሳውዝሃምፕተኑ ዴቪድ ፊሊፕስ፣ ከቤልፋስቷ ኤሊዛቤት ትሪምብልና ኢትዮጵያን ለረጅም ዘመን ከሚያውቁት ሐኪም ኤልድሪድ ፓሪ ጋር ሆነው ይህን በ2009 እ.ኤ.አ. «ዳያቤቶሎጂያ» በተባለው የአውሮፓ የስኳር በሽታ መጽሔት አሳተሙ። ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታ የሚባለው የተዘጋ ፋይል እንደገና ይከፈት ወይ የሚለውን ጥያቄ በጽሑፉ ርዕስ ላይ አስቀመጡት።

ፋይሉን የዘጋው የዓለም ጤና ድርጅት ነበር። ይህ ዓይነት በሽታ በ1955 እ.ኤ.አ. በጃማይካ ተገልጿል፤ በ1985 እ.ኤ.አ. ድርጅቱ ራሱን የቻለ ዓይነት አድርጎ መዘገበው፤ በ1999 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማስረጃው አልበቃም ብሎ ከዝርዝሩ አወጣው። እኔ እንደሚመስለኝ የጎደለው መርማሪ እንጂ በሽተኛ አልነበረም። በሽታው የሚገኘው ላቦራቶሪ በሌለበት አገር ነው፤ ላቦራቶሪ ያለው አገር ደግሞ በሽታውን አያየውም።

በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው ሌላው የጎንደር ጥናት በጣም የምወደው ነው፣ ምክንያቱም መሣሪያው ሜትር ነበር። በሽተኞቹና ጤነኞቹ ቁመታቸው ተለካ፤ ተቀምጠው ከወገብ በላይ ያለው ተለካ፤ የትከሻቸው ስፋትም ተለካ። በልጅነቱ የተራበ ሰው አጥንቱ ላይ ምልክቱ ይቀራል፣ የሰውነቱ ክፍሎችም እርስ በርስ ያላቸው ምጣኔ ይዛባል። በኢንሱሊን የሚኖሩት በሽተኞች ላይ ይህ ምልክት ከድህነት ጋር አብሮ ተገኘ። በእናት ማኅፀንና በጨቅላነት ምግብ ሲጎድል ኢንሱሊን የሚያመርቱት የቆሽት ሴሎች በሚገባ ላይዳብሩ ይችላሉ የሚለውን ሐሳብ የሳውዝሃምፕተን ተመራማሪዎች ቀድመው ያቀረቡት ነው። እንግዲህ የአንድ ዓመት ረሃብ ከሃያ ዓመት በኋላ በስኳር በሽታ መልክ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። ክፉ ቀንን አይቶ ላለፈ አገር ይህ ከባድ ነገር ነው።

ነገሩ ግን በዚህ አልተቋጨም። በ2020 እ.ኤ.አ. ከጎንደር የወጣው የዘረመል ጥናት ከበሽተኞቹ ከፊሎቹ እንደ አውሮፓውያኑ የሰውነት መከላከያቸው ቆሽታቸውን እንዳጠቃ የሚያሳይ ምልክት እንዳላቸው አሳየ። ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው ለቀድሞ ሐሳባቸው ሳይወግኑ ይህንንም ማሳተማቸው ሊያስመሰግናቸው ይገባል። በህንድ ቬሎር ደግሞ የኒው ዮርኳ ተመራማሪ ሜሬዲት ሆኪንስና የህንድ ባልደረቦቿ በ2022 እ.ኤ.አ. ከሲታ በሽተኞችን መርምረው ኢንሱሊን የማመንጨት አቅማቸው እንደተዳከመ፣ ሰውነታቸው ግን ለኢንሱሊን እንደሚታዘዝ፣ ጉበታቸው ላይ ያለውም ስብ ከሁለተኛው ዓይነት በሽተኞች ያነሰ እንደሆነ አገኙ። በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ባንኮክ ላይ በሽታውን «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ ተቀበለው። በእስያና በአፍሪካ ከ20 እስከ 25 ሚሊዮን ሰው ይህ በሽታ እንዳለበት ይገመታል።

ለደጀን ሰው ይህ ምን ይጠቅማል? ሰውነቱ ለኢንሱሊን የሚታዘዝ ከሲታ ሰው ለወፍራም ሰው የሚታዘዘው መጠን ቢሰጠው ስኳሩ ከልክ በታች ይወርዳል፤ ሳይበላ ከዋለ ደግሞ ይብሳል። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይዘባርቃል፤ ሰካራም ሊመስልም ይችላል። አፉ ውስጥ ማር ወይም ስኳር የሚያደርግለት ሰው አጠገቡ ካለ ይድናል፤ መዋጥ ካቃተው ግን ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው። እህል የሚያጥርባቸው የክረምት ወራትና ጾም በተለይ ያሰጋሉ። ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው ጹም ብላ አታስገድድም፤ ኢንሱሊን የሚወጋ ምእመን ሐኪሙንም የንስሓ አባቱንም ሳያማክር መጾም የለበትም።

ኢንሱሊኑንም መጠበቅ አለ። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ማቀዝቀዣ ይቀመጣል። የተከፈተው ሞቃት ባልሆነ ቦታ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። ደጀን ከተማ ብርድ ስለሆነ ይህ ብዙም አያስቸግርም፤ ከዚያው ወረዳ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ተወርዶ በሚገኘው የዓባይ በረሃ ግን ሙቀቱ መድኃኒቱን ያበላሸዋል። ማቀዝቀዣ የሌለውን ቤት ሁለት የሸክላ ዕቃ ይረዳዋል። ትልቁ ውስጥ አሸዋ ተደርጎ ትንሹ መሐሉ ላይ ይቀመጣል፣ አሸዋው በውኃ ይርሳል፣ ብልቃጡ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ትንሹ ውስጥ ይገባል፣ ከላይ እርጥብ ጨርቅ ይለብሳል። ውኃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ደመና የመሰለው ኢንሱሊን ከመቀዳቱ በፊት በሁለት መዳፍ መሐል ቀስ ብሎ ይንከባለላል፤ አይናጥም።

የጎንደሮቹ ትልቁ ሥራ ግን ሕክምናውን ወደ በሽተኛው መውሰዳቸው ይመስለኛል። ቀድሞ የገጠር በሽተኛ ለኢንሱሊን ሲል ሩቅ ሆስፒታል ይመላለስ ነበር፤ ሲደክመው ይተወዋል፣ ሲተወው ይሞታል። በጎንደርና በጅማ ነርሶችና የጤና መኮንኖች ሠልጥነው ስኳርን፣ የደም ግፊትንና የሚጥል በሽታን በጤና ጣቢያ መከታተል ጀመሩ። ይህ አሠራር እንደሚያዋጣ ታይቷል፤ የጎደለው የኢንሱሊኑና የመመርመሪያው ሳይቋረጥ መድረስ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ አባቶችና እናቶች፤ ቤታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ዘንድ አብዝቶ ውኃ የሚጠጣ፣ አብዝቶ የሚሸናና የሚከሳ ወጣት ካለ ወደ ጠበልም ቢሄድ፣ ሳንባውንም ቢመረመር፣ በዚያው ቀን ጣቱን ተወግቶ የደም ስኳሩ ይለካ። ምርመራው የሚፈልገው አንዲት ጠብታ ደም ነው፤ ውጤቱም በደቂቃ ውስጥ ይታወቃል።