የታፈነ እንፋሎት
ስለ ፕሬሸር ድስት አሠራርና ስለ ውሃ አፈላል

ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል የሚለውን የኬሚስትሪ መጀመሪያ ትምህርት የተማረ አንድ የአዲስ አበባ ተማሪ፣ ቃሉን በዓይኑ አይቶ ለማጽናት ፈልጎ በሚንተከተክ ድስት ውስጥ ቴርሞሜትር ቢያገባ፣ ልኩ 92 ዲግሪ ገደማ ደርሶ ቀጥ ይላል፤ እንጨት ቢጨምር፣ እሳቱንም አብዝቶ ቢያነድ፣ ድስቱ ይበልጥ ይገነፍላል፣ እንፋሎቱም ማድቤቱን ይሞላል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ ፈቀቅ አይልም። መጽሐፉ አልዋሸም፤ ቴርሞሜትሩም አልተበላሸም። መጽሐፉ የተናገረው በባሕር ወለል አጠገብ ስለሚፈላ ውሃ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች በመሆኗ በላይዋ የተጫነው አየር ከባሕሩ ዳር አየር በሩብ ያህል የቀለለ ነው።

ባቄላና ሽምብራ፣ ቦሎቄና የበሬ ቅልጥም በደጋው አገር ከቆላው ይልቅ ረዥም ሰዓት እሳት ላይ የሚቆዩበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ንፍሮን የሚያበስለው የነበልባሉ ብዛት ሳይሆን እህሉ የተዘፈዘፈበት ውሃ የደረሰበት መዓርገ ሙቀት ነውና። በከተማ ቤት ፕሬሸር እየተባለ የሚጠራውና በዚህ ጽሑፍ ለአንባቢ የምናስተዋውቀው ድስት፣ ይህን ወሰን ለመሻገር የተፈጠረ ዕቃ ነው። ተራ የማድቤት ዕቃ ይምሰል እንጂ፣ የጋዝንና የፈሳሽን ጠባይ ከእርሱ ይበልጥ አሟልቶ የሚያስተምር መሣሪያ በቤታችን ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

አየር ክብደት ያለው ነገር መሆኑን ለመቀበል የሰው ልጅ ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። የቀደሙት መምህራን የሚታየው ፍጥረት ከአራቱ ባሕርያት፣ ከመሬትና ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት የተገኘ ነው ብለው ሲያስተምሩ፣ በዓይን የማይታየውና በእጅ የማይጨበጠው ነፋስ በሚዛን ይወጣል ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነበር። ኢጣሊያዊው ጠቢብ ኤቫንጀሊስታ ቶሪቼሊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1643 ባቀደው ሙከራ፣ አንድ ጫፉ የተደፈነ ረዥም የብርጭቆ ቧንቧ ባዜቃ፣ ማለት ሜርኩሪ፣ ተሞልቶ ባዜቃ በያዘ ሳህን ላይ ሲደፋ፣ በቧንቧው ውስጥ ያለው ባዜቃ ሙሉ በሙሉ በመፍሰስ ፈንታ 76 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ደግፎ ያቆመውም በሳህኑ ላይ የተጫነው የአየር ክብደት ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1648፣ ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል የእኅቱን ባል ፍሎራን ፔሪዬን ለምኖ ይህንኑ መሣሪያ ፒዊ ደ ዶም በሚባለው ተራራ ላይ አስወጣውና፣ ባዜቃው ከተራራው ግርጌ ከነበረበት ስምንት ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ያው ቧንቧ አዲስ አበባ ላይ ቢተከል ባዜቃው 57 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል።

እንግዲህ ወደ ውሃው እንመለስ። በጋዝ ውስጥ ያሉት ረቂቃን ቅንጣቶች፣ ሞለኪውል የምንላቸው፣ እርስ በርሳቸው ተራርቀው በየአቅጣጫው እየበረሩ የዕቃውን ግድግዳ ያለ ዕረፍት ይደበድባሉ፤ ግፊት የምንለውም የዚህ ድብደባ ድምር ነው። በፈሳሽ ውስጥ ያሉት ግን ተቃቅፈው፣ ሆኖም አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተተ የሚኖሩ ናቸው፤ ስለዚህም ፈሳሽ የዕቃውን ቅርጽ ይይዛል እንጂ እንደ ጋዝ ዕቃውን ሁሉ አይሞላም። ከእነዚህ መካከል ፍጥነት የበዛለት ከጓደኞቹ እቅፍ አምልጦ ወደ አየር ይወጣል፤ ይህም ትነት ነው፤ ያለ እሳት፣ በቀዝቃዛ ውሃ ላይ እንኳ ይሆናል። ዕቃው ክዳን ያለው ከሆነ ያመለጡት ቅንጣቶች እየበዙ ሲሄዱ ወደ ፈሳሹ የሚመለሱትም እየበዙ ይሄዳሉ፣ በመጨረሻም በገበያ በር እንደሚገባና እንደሚወጣ ሕዝብ የወጪውና የገቢው ቍጥር ይተካከላል። በዚህ ጊዜ እንፋሎቱ የሚያሳርፈው ግፊት በውሃው ሙቀት ብቻ የሚወሰን ነው፤ የውሃው ማነስና መብዛት አይለውጠውም።

ጋዝንና ፈሳሽ ያለበትን እንፋሎት የሚለየው ጠባይ ከዚህ ላይ ጎልቶ ስለሚታይ ጥቂት እንቆይበት። ደረቅ አየር በጠበቀ ዕቃ ውስጥ ታፍኖ ከ20 ዲግሪ ወደ 100 ዲግሪ ቢሞቅ ግፊቱ የሚጨምረው ከሩብ እምብዛም በማያልፍ ልክ ነው፤ የጋዝ ግፊት ለእያንዳንዱ ዲግሪ በዜሮ ዲግሪ ከነበረው 273ኛውን እጅ ብቻ እየጨመረ፣ በዝግታና በእኩል እርምጃ የሚጓዝ ነውና። የውሃ እንፋሎት ግን በ20 ዲግሪ የሚያነሣው ባዜቃ 17.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በ92 ዲግሪ 567፣ በ100 ዲግሪ 760 ይሆናል፤ 121 ዲግሪ ሲደርስ ደግሞ ይህ እንደገና እጥፍ ይሆናል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በደረቁ አየር የቅንጣቶቹ ፍጥነት እንጂ ቍጥራቸው አይጨምርም፤ ውሃ ባለበት ግን ፈሳሹ እንደማይነጥፍ ጎተራ ሆኖ አዳዲስ ቅንጣቶችን ያለማቋረጥ ይልካል።

መፍላት ማለት ይህ የእንፋሎት ግፊት ከአየሩ ጭነት ጋር እኩል የሚሆንበት ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት በውሃው ሆድ ውስጥ የምትፈጠረውን አረፋ በላይዋ ያለው ጭነት ጨፍልቆ ያጠፋታል፤ እኩል ሲሆኑ ግን አረፋይቱ ጸንታ፣ እየሰፋች ወደ ላይ ወጥታ ትፈነዳለች። ከዚያ በኋላ የሚጨመረው እሳት ሁሉ ውሃውን ለማሞቅ ሳይሆን ውሃን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ይውላል፤ አንድ ግራም የፈላ ውሃ እንፋሎት ለመሆን 540 ካሎሪ ያህል ይፈጃል፣ ይህም ያንኑ ውሃ ከበረዶነት ነጥብ እስከ መፍላት ከሚያደርሰው አምስት እጥፍ ይበልጣል። እንግሊዛዊው ሮበርት ቦይል፣ የጋዝ ግፊት ሲጨምር ስፍራው በዚያው ልክ እንደሚጠብ በ1662 ያሳወቀው ሊቅ፣ መፍላቱን ያቆመ ሙቅ ውሃ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አስቀምጦ አየሩን በፓምፕ ሲያወጣበት ውሃው ያለ እሳት ዳግመኛ ሲንተከተክ ተመልክቷል። ጭነቱ ስለተነሣ ብቻ ፈላ ማለት ነው። ይህ የመፍላትና የአየር ጭነት ሕግ ለአገራችን ጂኦግራፊም አገልግሏል፤ ከ1838 ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል ኢትዮጵያን እየዞረ ካርታ ያነሣው አንቷን ዳባዲ የቦታዎችን ከፍታ ካወቀባቸው መንገዶች አንዱ ውሃ አፍልቶ የሚፈላበትን ሙቀት ማንበብ ነበር፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላልና።

ቦይል ጭነቱን ሲያነሣ፣ ረዳቱ የነበረው ፈረንሳዊው ሐኪም ደኒ ፓፓን ደግሞ በተቃራኒው ጭነቱን መጨመር አሰበ። ፓፓን በ1647 በብሏ ከተማ የተወለደ፣ በፓሪስ ከታላቁ የፊዚክስ ሊቅ ከሆይኸንስ ጋር የሠራ፣ ከዚያም ወደ ለንደን የተሻገረ ሰው ነበር። በ1679 ለለንደኑ የሊቃውንት ማኅበር ያሳየው መሣሪያ ወፍራም የብረት ዕቃ ሲሆን ክዳኑ በብሎን ጥርቅም ብሎ የሚታሰር ነበር፤ ዓላማውም ድሆች የሚጥሉትን አጥንት አልስልሶ ምግብ ማድረግ ነበር። በሚያዝያ 1682 የማኅበሩ አባላት በዚህ ዕቃ የተዘጋጀ እራት ሲበሉ፣ ከእነርሱ አንዱ የነበረው ጆን ኢቭሊን የበሬና የበግ ጠንካራ አጥንት እንደ ዐይብ ልስልስ ብሎ መቅረቡን በማስታወሻው ጽፏል። እኔ ግን ከድስቱ ይልቅ የማደንቅለት ሌላ ነገር ነው፤ እንፋሎት ከልክ አልፎ ዕቃውን እንዳይሰነጥቅ በክዳኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አበጅቶ፣ በላይዋ በዘንግ የተንጠለጠለ ክብደት አስቀመጠ። የዚያ ዘመን የእንፋሎት ጥበብ ሁሉ፣ ኋላም ባቡሩና መርከቡ፣ ያለዚህ መጠበቂያ ብዙ ሰው በፈጁ ነበር። ፓፓን ግን የመጨረሻ ዘመኑን በለንደን በድህነት አሳለፈ፤ ስሙ ከሥራው ጋር ተመዛዝኖ አይነሣም።

የዛሬው ፕሬሸር የፓፓንን አሳብ እንዳለ የያዘ ነው። ክዳኑ ከድስቱ ከንፈር ጋር የሚጋጠምበት የጎማ ቀለበት እንፋሎቱን ያፍናል፤ በክዳኑ መካከል ያለችው ጠባብ መተንፈሻ ላይ ደግሞ የብረት ክብደት ተቀምጦባታል። ቀዳዳዋ አንድ አሥረኛ ካሬ ሴንቲ ሜትር ብትሰፋና የተፈለገው ግፊት ከውጪው አየር አንድ አትሞስፌር፣ ማለት በባሕር ወለል ያለውን የአየር ጭነት ያህል፣ የሚበልጥ ቢሆን፣ የሚያስፈልገው ክብደት 100 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ እንፋሎቱ ከዚህ ሲያልፍ ክብደቱን አንሥቶ እያፏጨ ይወጣል፣ ሲያንስ ክብደቱ መልሶ ይደፍነዋል። አዲስ አበባ ላይ የውጪው አየር ሦስት ሩብ አትሞስፌር ያህል ነውና ከተጨመረው ጋር አንድ ከሦስት ሩብ ገደማ ይሆናል፤ ውሃውም በ92 ፈንታ ወደ 117 ዲግሪ ይደርሳል። በዚህ ሙቀት የባቄላው ልጣጭ ቶሎ ይረታል፣ የቅልጥሙ ጅማት ቶሎ ይሟሟል።

ፉጨቱ ከጀመረ በኋላ እሳቱን ማብዛት ማገዶ ማባከን መሆኑን ከዚህ እንረዳለን፤ ክብደቱ ቀስ እያለ የሚነቃነቅበት እሳት ይበቃል። ክዳኑን በግድ ለመክፈት መሞከር ግን የሞት ሥራ ነው። የክዳኑ አግድመት 22 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ስፋቱ 380 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነውና፣ እንፋሎቱ ከውስጥ ወደ ላይ የሚገፋው በአራት ኩንታል ገደማ ኃይል ነው። ከዚህም ሌላ 117 ዲግሪ የደረሰው ውሃ ጭነቱ ድንገት ሲነሣለት ወደ 92 ለመውረድ ከራሱ ሃያኛውን እጅ ያህል በቅጽበት እንፋሎት ማድረግ ግድ ይሆንበታል፤ ከአንድ ሊትር ውሃ 100 ሊትር ያህል እንፋሎት የቀቀለውን ሽምብራ ሁሉ ይዞ ወደ ከፋቹ ፊት ይወጣል ማለት ነው። ድስቱ ወርዶ ሲቀዘቅዝ ግን እንፋሎቱ ወደ ውሃነት ይመለሳል፣ ግፊቱም ይወርዳል፣ ክዳኑም ያለ ችግር ይከፈታል።

ይኸው ድስት ከማድቤት ወጥቶ ሆስፒታል ገብቷል። በጀርም ተመራማሪው በሉዊ ፓስተር ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ሻርል ሻምበርላን በ1879 ያዘጋጀው አውቶክላቭ የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎችን በእንፋሎት ያነጻል፤ ተራ መፍላት የማይገድላቸው የጀርም ዘሮች በ121 ዲግሪ እርጥብ ሙቀት 15 ደቂቃ ያህል ሲቆዩ ይጠፋሉ። ሁለት ነገር መጠንቀቅ ግን ያስፈልጋል። አንደኛው፣ በዕቃው ውስጥ የቀረ ደረቅ አየር የግፊቱን ድርሻ ስለሚይዝ፣ መለኪያው ሙሉ ግፊት ሲያሳይ ሙቀቱ ጎደሎ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ አየሩ በእንፋሎት ተገፍቶ እስኪወጣ ድረስ መተንፈሻው አይዘጋም። ሁለተኛው የእኛን የደጋ ሰዎች ይመለከታል። የግፊት መለኪያው የሚያነበው ከውጪው አየር የበለጠውን ብቻ ስለሆነ፣ በባሕር ወለል አጠገብ አንድ አትሞስፌር ሲያሳይ 121 ዲግሪ የሚሰጠው መሣሪያ፣ አዲስ አበባ ላይ ያንኑ አንድ አትሞስፌር ሲያሳይ ከአራት ዲግሪ በላይ ይጎድለዋል፤ የጎደለውን ለመሙላት ንባቡ ወደ አንድ ከሩብ ከፍ ሊል፣ አለዚያም መሣሪያው በግፊቱ ሳይሆን በቴርሞሜትሩ ሊታዘዝ ይገባል።