በባትሪ የሚሠራ የግድግዳ ማጠቢያ፦ ከፓምፑ በፊት ስለ ሽቦው ጠይቁ

በጊቫት ኦልጋ በኩል ወደ ባሕሩ ስትወርዱ የቤቶቹን ግድግዳ ተመልከቱ። ፀሐይ በደንብ የማይመታው የሰሜኑ ጎን ጠቁሮ፣ አንዳንዱም አረንጓዴ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሐዴራ እ.ኤ.አ. በ1891 ስትቆረቆር ዙሪያዋ ረግረግ ነበር፤ ከመሥራቾቿም ብዙዎቹን ወባ ጨርሷቸዋል። ረግረጉ ከደረቀ ቆይቷል፣ የባሕሩ እርጥበት ግን የትም አልሄደም። እንዲህ ያለውን ግድግዳ የሚያጠቁረው አቧራ ብቻ አይደለም፤ ሻጋታም አለበት። ሻጋታ ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ በኃይለኛ ውሃ ላዩ ቢገፈፍ ሥሩ ይቀርና ተመልሶ ይበቅላል።

«ሶፍት ዋሽ» የሚባለው አሠራር ለዚህ የሚሆን ነው፤ በለስላሳው ማጠብ እንደማለት። የተለመደው ኃይለኛ ማጠቢያ ውሃውን ከ100 ባር በላይ በሆነ ግፊት ስለሚተኩስ ያረጀ ልስን ያነሳል፣ በስንጥቅ ውስጥም ውሃ ያስገባል። የለስላሳው ፓምፕ ግፊት ግን ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 7 ባር ነው፤ ከቤታችን ቧንቧ ብዙም አይርቅም። ሻጋታውን የሚገድለው የቀጠነ በረኪና (እዚህ ኤኮኖሚካ የምንለው) ከሳሙና ጋር ሆኖ ነው። ይረጫል፣ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል፣ ከዚያ በውሃ ይለቀለቃል። ፓምፑ በ12 ቮልት ባትሪ ስለሚሠራ ከደንበኛው ቤት ሶኬት አይለምንም፤ በእርጥብ መሬት ላይም የኤሌክትሪክ ገመድ አይጎተትም።

ስለዚህ ከሠራዊት የተሰናበተ ልጅ «ታንከርና ፓምፕ ካለኝ ሥራ እጀምራለሁ» ቢላችሁ ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። የተሰናባች ወታደሮች ፒቃዶን ከሚፈቀድባቸው ነገሮች አንዱም ንግድ መክፈት ነው። ነገር ግን ያ ገንዘብ አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ወላጅ ከጡረታው ይጨምርበታል። ገንዘቡ የሚባክነው፣ ሲብስም መኪናው የሚቃጠለው፣ በርካሽ ሽቦ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

12 ቮልት ለምን ያታልላል

ብዙ ሰው «12 ቮልት ሰው አይገድልም» ይላል። እውነት ነው፣ በደረቅ እጅ ብትነኩት አይነዝራችሁም። የቤታችን መስመር 230 ቮልት ነው፤ እሱን እንፈራለን፣ ልክም ነን። የባትሪው አደጋ ግን ሌላ ነው፤ እሳት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ፓምፕ 180 ዋት ይፈልጋል እንበል። ይህን ከ230 ቮልት ቢወስድ በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው አንድ አምፔር እንኳ አይሞላም። ከ12 ቮልት ሲወስድ ግን 15 አምፔር ይሆናል። ቮልቱ ሲያንስ አምፔሩ ይበዛል፤ ሽቦን የሚያሞቀው ደግሞ አምፔሩ ነው። ለዚህ ነው የቤት መብራት ማራዘሚያ ቆርጦ ለባትሪ ፓምፕ መጠቀም ስህተት የሚሆነው። ፓምፑ ሲሽከረከር ታዩታላችሁ፤ ገመዱ ውስጥ ለውስጥ ሲሞቅ ግን አታዩትም።

በቁጥር እንየው። ባትሪው ከፓምፑ 5 ሜትር ቢርቅ፣ ሽቦው ሄዶ ስለሚመለስ በጠቅላላው 10 ሜትር መዳብ ነው። ሽቦው 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ከሆነ፣ በ15 አምፔር መንገድ ላይ 1 ቮልት ያህል ይጠፋል። ከ230 ላይ 1 ቢጠፋ ማንም አያውቀውም፤ ከ12 ላይ ሲጠፋ ግን ፓምፑ ይደክማል፣ ውሃው ሁለተኛ ፎቅ አይደርስም፣ ልጁም «ፓምፑ የማይረባ ነው» ብሎ ሌላ ሊገዛ ይሄዳል። በ6 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ የሚጠፋው ግማሽ ቮልት እንኳ አይሞላም። የሁለቱ ሽቦዎች የዋጋ ልዩነት ከአንድ ፓምፕ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ከሁሉ የሚሻለው ግን ባትሪውን ወደ ፓምፑ ማቅረብና ረጅም የሚሆነውን የውሃውን ጎማ ማድረግ ነው።

የመኪናን ሲጋራ መለኮሻ መጠቀምም አይሆንም። የእሱ ፊውዝ ብዙውን ጊዜ 10 ወይም 15 አምፔር ነው፤ ፓምፑ ሲነሳ ያቃጥለዋል።

አሁን ወደ ፊውዙ። ፊውዝ የሚጠብቀው ፓምፑን ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዋናው ሥራው ሽቦውን መጠበቅ ነው። ስለዚህ ቦታው ፓምፑ አጠገብ ሳይሆን ባትሪው አጠገብ ነው፤ በቀዩ (በፖዘቲቩ) ሽቦ ላይ፣ ከባትሪው ራስ ከ20 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ። ፊውዙ ከፓምፑ ዘንድ ቢቀመጥና ሽቦው መሐል ላይ በመኪናው ብረት ተፍቆ ቢላጥ፣ ባትሪው ያለ የሌለውን ኃይል በዚያ ሽቦ ይለቃል፤ ፊውዙም ከርቀት ይመለከታል። መጠኑ ፓምፑ ከሚወስደው ጥቂት ከፍ ያለ፣ ሽቦው ከሚችለው ግን ያነሰ መሆን አለበት። 15 አምፔር ለሚወስድ ፓምፕ በ6 ካሬ ሽቦ ላይ 20 አምፔር ተገቢ ነው፤ የፓምፑ ወረቀት ሌላ ቁጥር ከጻፈ ግን እሱን ተከተሉ። ፊውዙ ደጋግሞ ከተቃጠለ ምክንያት አለው። በትልቅ መተካት ወይም እንደ ድሮው ያገኙትን ሽቦ ጠምጥሞ ማለፍ እሳት መጥራት ነው።

ማብሪያ ማጥፊያውም የግድግዳ መብራት ማብሪያ አይሁን። የባትሪ ኃይል ሲቋረጥ የሚፈጥረው ብልጭታ ከቤቱ መስመር ይልቅ ለመጥፋት ይቸገራል፤ ደካማ ማብሪያ ውስጡ ይጣበቅና አልጠፋም ይላል። ለቀጥተኛ ኃይል የተሠራና 20 አምፔር ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበት ይፈለግ።

ሲገጠም ደግሞ ቅደም ተከተል አለው። ቀለበትና የብረት ሰዓት ይወልቃል፤ በባትሪው ሁለት ራሶች መካከል የወደቀ ቁልፍ ወይም ቀለበት ወዲያው ይግላል። መጀመሪያ ፓምፑ፣ ማብሪያው፣ የፊውዙ ቤት ሁሉ ይያያዛሉ፣ ፊውዙ ግን ገና አይገባም። ከዚያ ቀዩ ከባትሪው መደመሪያ፣ ጥቁሩ ከመቀነሻው ይታሰራል። ፊውዙ በመጨረሻ ይገባል። ሲፈታ ጥቁሩ ይቀድማል። ፍሰት መቆጣጠሪያ ሣጥን ካለው ቀይና ጥቁሩን ማገላበጥ በአንድ አፍታ ያቃጥለዋል፤ ሻጩም «ይህ በዋስትና አይሸፈንም» ሊላችሁ ይችላል። የሽቦ ጫፎች በጣት ተጠምዝዘው በፕላስተር ከመጠቅለል ይልቅ በመጭመቂያ ፒንሳ ይታሰሩ፣ እርጥበት በማያስገባ ሽፋንም ይሸፈኑ። የበረኪና ትነት መዳብን በጥቂት ጊዜ አረንጓዴ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ባትሪው ከታንከሩ ተለይቶ በራሱ ሣጥን፣ በቀበቶ ታስሮ ይቀመጥ።

የውሃው በኩል

ይህኛው ቀላል ነው። ከታንከሩ ወደ ፓምፑ የሚገባው ጎማ አጭርና ሰፊ ይሁን፣ ሲሳብ የሚጨማደድ አይሁን፣ ማጣሪያም ይኑረው። ፓምፑ በረኪና የሚችል ላስቲክ እንዳለው ጠይቁ፤ ለአትክልት መርጫ የተሠራ ተራ ፓምፕ ቶሎ ማፍሰስ ይጀምራል። መርጫው ሲዘጋ ፓምፑ በራሱ መቆም አለበት። መርጫው ተከፍቶ እያለ «ጠክ ጠክ ጠክ» እያለ ቢያቆራርጥ፣ የመርጫው አፍ ፓምፑ ከሚሰጠው ውሃ ጠቧል ማለት ነው፤ ሰፋ ያለ አፍ ይለወጥለት።

የመጀመሪያው ሙከራ በንጹሕ ውሃ ብቻ ይሁን። ሩብ ሰዓት ያሠሩትና ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጃችሁ ዳስሱት። ለብ ቢል ችግር የለም፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ከሌላው ይልቅ ከጋለ፣ እዚያ ያለው ማሰሪያ ላልቷል። ይህ ሙከራ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ሽማግሌም ቢሆን ሊሠራው ይችላል። በየቀኑ ሥራ ሲያልቅም ንጹሕ ውሃ በፓምፑ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ማሳለፍ ዕድሜውን ያረዝመዋል።

በረኪናን በተመለከተ አንድ ነገር ከሁሉ ይበልጣል፤ ከድንጋይ ማስለቀቂያ አሲድም ሆነ ከአሞኒያ ጋር በአንድ ታንከር አይገናኝ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ትናንት አሲድ የያዘ ታንከርም በደንብ ሳይለቀለቅ በረኪና አይገባበትም። ጓንትና የዓይን መነጽር ግዴታ ነው። ከሰዓት በኋላ ከባሕር የሚነሳው ነፋስ ደግሞ የረጫችሁትን ወደ ጎረቤት ልብስ ማስጫ ይወስዳልና ማለዳ መሥራት ይሻላል። አትክልቱ አስቀድሞ በውሃ ይራስ። በጣራ ላይ ያለው የፀሐይ ውሃ ማሞቂያና የኤሌክትሪክ ፓነል በረኪና አይንካው።

ባትሪውና ቻርጀሩ

የመኪና ማስነሻ ባትሪ ለዚህ አይሆንም። ለአንድ አፍታ ብዙ ኃይል እንዲሰጥ እንጂ ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ እንዲራገፍ አልተሠራም፤ በጥቂት ወራት ይሞታል። የሚፈለገው ለረጅም መራገፍ የተሠራው ነው። ባለ እርሳሱ ዓይነት 100 አምፔር ሰዓት ቢጻፍበትም ዕድሜው እንዲረዝም ከግማሹ በላይ ባይራገፍ ይመረጣል፤ 50 ለ15 ሲካፈል ሦስት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ የፓምፕ ሥራ ነው። ፓምፑ ሳያቋርጥ ስለማይሠራ ይህ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ቀን ይበቃል። ባትሪው ካረፈ በኋላ 12.7 ቮልት ገደማ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ሲደርስ ግማሽ ሆኗል፣ ይበቃዋል። የሊቲየሙ ዓይነት ዋጋው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ክብደቱ ከግማሽ በታች ነው፣ አብዛኛውን ኃይሉንም መጠቀም ይቻላል። የእሱ ቮልት ግን ሊያልቅ እስኪል ድረስ ብዙም ስለማይወርድ በቮልት መለኪያ አትመኑት።

ቻርጀሩ ለባትሪው ዓይነት የተሠራ መሆን አለበት፤ የእርሳሱን ለሊቲየሙ መስጠት አደጋ ነው። የሚሞላበት ቦታም ያሳስበኛል። ብዙ ቤተሰብ ትርፍ ቦታ የሚያገኘው ማማድ ውስጥ ነው። እባካችሁ እዚያ አይሁን። ሳይረን ሲነፋ የምንሮጥበት ክፍል ባትሪ የሚሞላበት ሊሆን አይገባም። ከመውጫው በር አጠገብም አይሁን፣ መኝታ ቤትም አይሁን። ባለ እርሳሱ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ አየር ይፈልጋል። ዓርብ ሰክቶ እስከ ሰንበት መውጫ መተውም ልማድ አይሁን፤ ሰው ነቅቶ ባለበት ሰዓት ይሞላ። ለቻርጀሩ አዲስ ሶኬት ካስፈለገ ግን ያ ከ1954ቱ የኤሌክትሪክ ሕግ ጀምሮ ፈቃድ ያለው ሐሽማላይ ሥራ ነው፤ የአጎት ልጅ «እኔ እችላለሁ» ቢልም።

ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት

ብዙ አረጋውያን የሰሙት አንድ መብት አለ። ዕድሜው 65 የሞላ ሰው፣ አካል ጉዳተኛ ወይም አዲስ ዖሌ በስልክ፣ በኢንተርኔት ወይም ቤቱ በመጣ ሻጭ ሲገዛ ከሻጩ ጋር ንግግር ከነበረ በአራት ወር ውስጥ ግዢውን መሰረዝ ይችላል፤ ሌላው ሰው 14 ቀን ነው ያለው። መብቱ እውነት ነው። ነገር ግን የ1981ዱ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ የሚጠብቀው በዋናነት ለራሱ፣ ለቤቱ ወይም ለቤተሰቡ የሚገዛን ሰው ነው። ፓምፑ ለንግድ ከተገዛ ሻጩ «አንተ ሸማች አይደለህም» ሊል ይችላል። ስለዚህ በሕጉ ተማምናችሁ አትክፈሉ፤ መመለሻው በስንት ቀን እንደሆነ፣ ዋስትናው ፓምፑን፣ ባትሪውንና ቻርጀሩን ይሸፍን እንደሆነ በወረቀት ይጻፍላችሁ። በኋላ «ሻጩ እንዲህ ብሎኝ ነበር» ማለት ብዙ አይረዳም።

ዋጋውንም «ከማዓም ጋር ነው ወይስ ያለ ማዓም?» ብላችሁ ጠይቁ። ለነጋዴ የሚሸጡ ሱቆች ያለ ማዓም መናገር ይወዳሉ። ከጥር 2025 ጀምሮ ማዓም 18 በመቶ ስለሆነ 5,000 ሼቄል የተባለው 5,900 ይሆናል። ልጁ ኦሴቅ ፓቱር ሆኖ ከተመዘገበ (የ2025 ጣሪያው በዓመት 120,000 ሼቄል ገቢ ነበር) ያንን ማዓም ተመላሽ አያገኝም። ከገቢ ግብር ሊቀንስለት ግን ስለሚችል ደረሰኙን ይያዝ። ምዝገባው በማዓም ቢሮ፣ በማስ ሀኽናሳና በቢቱዋሕ ለኡሚ ነው፤ ሥራ ሳይጀመር ይሁን።

ለሦስተኛ ወገን ጉዳት የሚሆን መድን በጀቱ ውስጥ ይግባ፤ የደንበኛ መስኮት ወይም መኪና በበረኪና ቢበላሽ የሚከፍለው ሌላ የለም። ልጁ ከሁለት ሜትር በላይ ሊወድቅ በሚችልበት ቦታ፣ በጣራም በመሰላልም፣ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የ2007ቱ ደንብ የከፍታ ሥራ ሥልጠና ይጠይቀዋል። የምስክር ወረቀቱ ለሁለት ዓመት ብቻ ያገለግላል፤ የሚያልቅበትን ቀን በፓምፑ ሣጥን ክዳን ላይ በቀለም ጻፉበት።