ብርሃነ ፀሐይና በውኃ የሟሟ መድኃኒት

በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፥ ከሕመምተኛ የተረፈ ክኒን መጸዳጃ ጕድጓድ ውስጥ ቢጣል ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን መድኃኒቱ ሟሙቶ፥ ከዝናብ ጋር ሠርጎ፥ ወደ ውኃ ጕድጓድና ወደ ወንዝ ሊደርስ ይችላል። ማፍላትም ጀርሞችን ይገድላል እንጂ አብዛኛውን መድኃኒት አያጠፋም። የፀረ ጀርም መድኃኒት ቅሬታ በውኃ ውስጥ ሲቈይ ጀርሞቹ ይለማመዱታል፤ በታመምን ጊዜም ያው መድኃኒት ላያድነን ይችላል።

ስለዚህ ሊቃውንት ወደ ፀሐይ ተመልክተዋል። ነጭ የግድግዳ ቀለም የሚሠራበት ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባል ማዕድን አለ። ፉጂሺማና ሆንዳ የተባሉ ጃፓናውያን፥ ይህ ማዕድን ብርሃን ሲያርፍበት ውኃን እንደሚከፋፍል በ1972 እ.ኤ.አ. ገለጡ። ማዕድኑ ደቅቆ ቅንጣቱ ከሚሊሜትር 10,000ኛ እጅ ሲያንስ ናኖ ይባላል፤ ብርሃን የሚያርፍበትም ገጽ እጅግ ይሰፋል። የማይታየው የፀሐይ ጨረር ሲመታው ከውኃው ኃይለኛ ነገር ይፈጠራል፤ ያም መድኃኒቱን ይሰባብረዋል። ዱቄቱ ራሱ አያልቅም። በውጭ አገር ስንማር መምህራችን ሰማያዊ ቀለም የገባበትን ውኃ ከዱቄቱ ጋር ፀሐይ ላይ አኑሮ፥ ሲጠራ አሳይቶናል።

ሆሳዕና ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ጨረሩ አያንሳትም። ችግሩ ሌላ ነው። የሚሠራው ጨረር ከፀሐይ ብርሃን ከመቶ 5 እጅ ያህል ብቻ ነው፤ የክረምት ድፍርስ ውኃ ብርሃን አያሳልፍም፤ የደቀቀውን ዱቄት መልሶ ማጥለልም አስቸጋሪ ነው። ሥራው በእኩሌታ ከቀረ ስብርባሪው ራሱ ሊጎዳ ይችላል። እንግዲህ ማንም በቤቱ የግድግዳ ቀለም በውኃ እንዳይበጠብጥ! የተረፈውን ክኒን ግን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ መድኃኒት ቤት ወስዶ አወጋገዱን መጠየቅ ዛሬውኑ ይቻላል።