የፒኤልሲው ቁልፍ ምን ላይ ነው?

ከደጀን እስከ ቡሬ ወዳሉ ፋብሪካዎች ለጥገና ስጠራ፣ ፓኔሉን ከፍቼ መጀመሪያ የማየው ስክሪኑን ሳይሆን የፒኤልሲውን፣ ማለትም ማሽኑን የሚቆጣጠረውን ኮምፒውተር፣ መምረጫ ቁልፍ ነው። የሮክዌል ሎጂክስ ኮንትሮለሮች ፊታቸው ላይ ሦስት ቦታ ያላት ትንሽ ቁልፍ አለቻቸው፦ ራን፣ ሪሞት፣ ፕሮግራም። ራን ላይ ስትሆን ማሽኑ ይሠራል፤ ፕሮግራሙን ግን በኔትወርክ መጥቶ የሚለውጠው የለም። ሪሞት ላይ ስትሆን ትክክለኛው ሶፍትዌር ያለው ላፕቶፕ ይበቃል። እኔ አብዛኛውን ጊዜ የማገኛት ሪሞት ላይ ነው።

ይህን ነገር አጥብቄ መያዝ የጀመርኩት በየካቲት 2013 ዓ.ም. ከወጣው ማስጠንቀቂያ በኋላ ነው። የሎጂክስ ፕሮግራም የሚጻፍበት ሶፍትዌርና ኮንትሮለሩ የሚተዋወቁበት ምስጢራዊ ኮድ በሌላ ሰው ሊወጣ እንደሚችል ታወቀ። ኮዱን ያወጣ ሰው ያለ ምንም ፈቃድ ራሱን እንደ ሕጋዊ ኢንጂነር አስመስሎ ይገናኛል። የአደጋው መጠን ከ10 ሙሉ 10 ተሰጠው። በማሻሻያ የሚደፈን ቀዳዳም አልነበረም። አምራቹ ካቀረባቸው መከላከያዎች አንዱ ምን ነበር? ቁልፉን ራን ላይ አድርጉት! ለዚህ ግዢም የውጭ ምንዛሪም አያስፈልግም።

ቁልፍን መናቅ ምን እንደሚያመጣ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 በሳዑዲ ዓረቢያ ታይቷል። የአንድ ፔትሮኬሚካል ፋብሪካ የአደጋ መከላከያ ኮንትሮለር፣ ትራይኮኔክስ የሚባለው፣ ቁልፉ ፕሮግራም ላይ እንደተተወ ሰርጎ ገቦች የራሳቸውን ኮድ ጫኑበት። ያ መሣሪያ ሥራው ግፊትና ሙቀት ሲያልፍ ፋብሪካውን ማቆም ነው። የተጋለጡትም ኮዳቸው ስህተት ኖሮበት ፋብሪካው ራሱን ስላቆመ ነው።

እኛ ጋ ሪሞት ላይ የሚተወው በስንፍና ብቻ አይደለም። ማሽኑን የተከለው ድርጅት ባህር ማዶ ነው፤ ባለሙያ ማስመጣት ውድ ነው፤ የፕሮግራሙ ፓስወርድም ብዙ ጊዜ እነሱ ጋ ይቀራል። አንድ አንጋፋ የፈረቃ ኃላፊ ቁልፉን ሳዞር እጄን ያዙኝ።

«ኢንጂነር፣ ተወው እባክህ። ሰዎቹ እዚያው ሆነው ያስተካክሉታል።»

«ጋሼ፣ ሌላውም እዚያው ሆኖ ያበላሸዋል» አልኳቸው።

ሳቁና እጄን ለቀቁ። ክርክራቸው ግን ቀላል አልነበረም፤ ምርት ሲቆም የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ «አሁን ማን ይገባብናል?» የሚሉኝ ነበሩ። ፋይሉ ግን በፍላሽ ይዞር ነበር፤ ከቢሮ ኮምፒውተር ወደ ፋብሪካው ኮምፒውተር። እ.ኤ.አ. በ2010 የታወቀው ስታክስኔት የተባለው አጥፊ ፕሮግራም ከኢንተርኔት ተነጥሎ ወደነበረው የኢራን የናታንዝ ማበልጸጊያ ለመግባት የተሠራው በፍላሽ ጭምር እንዲሻገር ሆኖ ነው።

በሰኔ 2012 ዓ.ም. የሀገሪቱ የሳይበር ደህንነት ተቋም ኢንሳ ከግብጽ የተነሳ፣ የመንግሥት ድረ ገጾች ላይ ያነጣጠረ ጥቃት ማክሸፉን ሲያሳውቅ፣ ወሬው ሁሉ ስለ ዓባይ ግድብ ነበር። ተገቢ ነው። የዘይት ወይም የዱቄት ፋብሪካ ፓኔል ግን ማንም ትዝ አይለውም፤ በሩ እንኳ ስለሚሞቅ ተከፍቶ የሚውልበት አለ።

ቁልፍ ሁሉንም አይፈታም። ራን ላይ ሆኖም ከኦፕሬተሩ ስክሪን የሙቀት ልክ መለወጥ ይቻላል። የሲመንስ ኤስ7-1200 ደግሞ ከነጭራሹ እንዲህ ያለ ቁልፍ የለውም፤ እዚያ መከላከያው ፓስወርድና የመዳረሻ ደረጃ ነው፣ ያም ተከላው ላይ ካልተሞላ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ አሁን ፋብሪካዎችን የምወተውተው ሁለት ነገር ነው። የውጭ ባለሙያ በርቀት መግባት ሲፈልግ አስቀድሞ ይደውል፤ ሞደሙ ያኔ ይሰካ፣ ቁልፉ ያኔ ይዙር፣ ሲጨርስ ሁለቱም ይመለሱ፣ ማን እንዳዞረውም በፈረቃ መዝገብ ይጻፍ። ሁለተኛው የግዢ ክፍሉን የሚመለከት ነው፦ ሙሉው ፕሮግራምና ፓስወርዱ በእጅ ሳይገባ የመጨረሻው ክፍያ አይለቀቅ። የመጀመሪያውን ብዙዎቹ ይሰሙኛል። ሁለተኛውን ስናገር ግን ማሽኑ አብዛኛውን ጊዜ ተከፍሎበት አልቋል።