መምከርና መማከር፦ ስለ አማካሪ መምህር ተረትና እውነታ

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» እየተባለ ላደገ ልጅ፣ ምክር ማለት ታላቅ ሲናገር አንገትን ደፍቶ መስማት ነው። ከስማዳም ይምጣ ከወላይታ፣ የጉና ብርድ በሚወርድበት በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ግቢ የገባ ፍሬሽ ተማሪ «አማካሪህ እገሌ ናቸው» ሲባል ቁጣ የሚታሰበው ለዚህ ይመስለኛል። ቃሉን ልብ እንበለው፤ አማካሪ ነው የተባለው። ሲመክሩ አንዱ ይናገራል፤ ሲማከሩ ሁለቱም ያወራሉ።

ተረት፦ አማካሪ ጋ የሚኬደው ለፊርማ ነው

ምዝገባ ሲደርስ ወይም አድ ኤንድ ድሮፕ (ኮርስ መጨመርና መቀነስ) ሲመጣ ብቻ በር የሚያንኳኳው ብዙ ነው። ፊርማው ግን የሥራው መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት አማካሪው ተማሪው ለኮርሱ ቅድመ ሁኔታ የሆነውን ሌላ ኮርስ ማለፉን፣ የያዘው ክሬዲት እንዳልበዛበት፣ ኤፍ ያለበትን መቼ እንደሚደግም ማየት አለበት። ሳያይ የሚፈርም መምህር ካለ ጥፋቱ የተማሪው አይደለም። አማካሪነት በማስተማር፣ በምርምርና በማኅበረሰብ አገልግሎት ላይ ተደርቦ የሚሰጥ ኃላፊነት መሆኑ ጫናውን ያስረዳል እንጂ ግዴለሽነቱን አያስተሰርይም።

ተረት፦ ውጤት ሲበላሽ እሄዳለሁ

ብዙ ልጆች የምናጣው እዚህ ላይ ነው። ለመመረቅ ድምር ውጤት ቢያንስ 2.00 መድረስ አለበት። አንድ ተማሪ በመጀመሪያው ሴሚስተር 1.70 አመጣ እንበል። የየሴሚስተሩ ክሬዲት እኩል ከሆነ፣ በሁለተኛው 2.30 ካመጣ ድምሩ 2.00 ይሆናል። ሁለተኛውም 1.70 ከሆነ ግን በሦስተኛው 2.60 ያስፈልገዋል፤ ያውም እስከዚያ ካልተባረረ። ይህን ስሌት ከተማሪው ጋር ቁጭ ብሎ ወረቀት ላይ መሥራት፣ ክሬዲቱ የከበደው ኮርስ የቱ እንደሆነ ማሳየት፣ የትኛው ላይ ጊዜውን ማዋል እንዳለበት አብሮ ማሰብ፤ የአማካሪ ዋና ሥራ ይህ ነው። ምቹው ጊዜ ደግሞ የሚድ ውጤት እንደወጣ ነው፤ ግሬድ ሬጅስትራር ከገባ በኋላ አይደለም።

በዚሁ ደቡብ ጎንደር፣ የድጓ ማስመስከሪያ በሆነችው በቤተልሔም፣ የኔታ እያንዳንዱን ተማሪ በቃል ያስጠናሉ፤ ማን የቱ ላይ እንደተሰናከለ ጆሯቸው ያውቃል። አዳራሽ ሙሉ ተማሪ የሚያስተምር የዩኒቨርሲቲ መምህር ይህን ማድረግ አይችልም። የአማካሪነት ሥርዓት ይህንን ክፍተት ለመሙላት የተዘረጋ ነው፤ ተማሪው ካልተናገረ ግን አማካሪው የት እንደተሰናከለ በምን ያውቃል?

ተረት፦ ጎበዝ ተማሪ አማካሪ አያሻውም

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርሶች የሚወሰዱበት ሆኗል፤ ዲፓርትመንት የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ከፍተኛ ውጤት ይዞ፣ ጓደኞቹ ስለሞሉት ብቻ የማይወደውን ዲፓርትመንት የሚሞላ ልጅ ምክክር ያስፈልገዋል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ፈተናው የሚጠይቀው ቀደም ባሉት ዓመታት የተማሩትንም ስለሆነ፣ ጂሲ (ተመራቂ) ሆኖ ከማንበብ ይልቅ የትኞቹ ኮርሶች እንደሚካተቱ አስቀድሞ ከአማካሪ ጋር መለየት ይበጃል።

ተረት፦ አማካሪዬ ግሬዴን ያስተካክልልኛል

አያስተካክልም፤ ሥልጣኑም የለውም። የግሬድ ቅሬታ ኮርሱን ላስተማረው መምህር፣ ቀጥሎም ለዲፓርትመንቱ ነው የሚቀርበው። አማካሪው መንገዱን ያሳያል። ለሕመም፣ ለጭንቀት፣ ለጥቃት ደግሞ ክሊኒኩ፣ የተማሪዎች ዲን እና የሴቶች ጉዳይ ቢሮ አሉ፤ ወደ እነርሱ የሚመራው እሱ ሊሆን ይችላል።

ተረት፦ ቤት ችግር ከተፈጠረ ሻንጣ ይዞ መሄድ ነው

አባት ታመመ፣ ወይም መንገድ ሊዘጋ ነው ተብሎ ተማሪው ለማንም ሳይናገር ወደ ጋይንት ወይም ወደ እስቴ ይሄዳል። ኮሮናና ጦርነት የትምህርት ካላንደሩን በቆራረጡበት አካባቢ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። የዊዝድሮዋል ፎርም ሞልቶ፣ አስፈርሞ የወጣ ተማሪ ሪአድሚሽን (ዳግም ቅበላ) የሚጠይቅበት ማስረጃ ይኖረዋል። ዝም ብሎ የሄደውን ግን ፈተና ያልተፈተነባቸው ኮርሶች ኤፍ ሆነው ሊጠብቁት ይችላሉ። ቸኩሎም ቢሆን፣ መናኸሪያ ከመሄዱ በፊት የአማካሪውን በር ያንኳኳ፤ ካጣውም ስልክ ይደውል፦ «መምህር፣ አባቴ ታሞ ወደ ቤት እየሄድኩ ነው፤ ምን ልሙላ?»