ዘጠኙ ዳኞች በራቸውን ዘግተው ምን ይሠራሉ?

“በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ” ይላል ያገራችን ሰው። የሚያንገበግበው የጠፋው ነገር ትልቅነት ሳይሆን የጠፋበት መንገድ ነው ማለቱ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዴት እንደሚወስን ለማየት ስንነሳ ይህ አባባል ታወሰን። ለማሳያ የመረጥነውም የእኛኑ አካባቢ ሰው ጉዳይ ነው።

ሰውየው የኤርትራም የኢትዮጵያም ዜጋ ነው። በሁለቱ አገሮች ጦርነት ጊዜ ኢትዮጵያን አልወጋም በማለቱ የኤርትራ መንግሥት አሰረው። ከእስር በኋላም አስገድዶ ለዓመታት የወህኒ ቤት ጠባቂ አደረገው። በመጨረሻም አምልጦ፣ በዕቃ መጫኛ ኮንቴይነር ውስጥ ተደብቆ አሜሪካ ገባ።

የአሜሪካ ሕግ ግን ሌላውን ያሳደደ ሰው ጥገኝነት አያገኝም ይላል። ሰውየው ቢመለስ ይሠቃያል ተብሎ ከመባረር ቢተርፍም ጥገኝነቱን ተከለከለ። የኢሚግሬሽን ይግባኝ ሰሚው ቦርድም “ተገድዶ መሆኑ ለውጥ አያመጣም” አለ። ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነበር፤ አፈሙዝ ተደግኖበት በር የጠበቀ ሰው አሳዳጅ ነው ወይስ ተሳዳጅ?

ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በየዓመቱ በሺሕ የሚቆጠሩ አቤቱታዎች ይጎርፋሉ። የሚከራከሩባቸው ግን ወደ 60 ገደማ ብቻ ናቸው። አንድ መዝገብ እንዲታይ ከዘጠኙ ዳኞች አራቱ መስማማት አለባቸው። የዚህ ስደተኛ መዝገብ ያንን ጠባብ በር አልፎ ኅዳር 2008 (እ.ኤ.አ.) ክርክሩ ተሰማ።

በተለመደው አሠራር ለእያንዳንዱ ወገን የሚሰጠው ግማሽ ሰዓት ነው፤ እሱንም ዳኞቹ በጥያቄ እያቋረጡ ይጨርሱታል። ከዚያ ዘጠኙ ብቻቸውን በዝግ ይሰበሰባሉ። ጸሐፊ የለም፣ ረዳት የለም። በሩ ቢንኳኳ ተነስቶ የሚከፍተው በሹመት የመጨረሻው ዳኛ ነው። መጀመሪያ ይጨባበጣሉ። ከዋናው ዳኛ ጀምሮ በሹመት ቅደም ተከተል ይናገራሉ፤ ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ሳይናገር ማንም ሁለተኛ አይናገርም። ዋናው ዳኛ ከብዙኃኑ ጋር ከሆነ ውሳኔውን ማን እንደሚጽፍ እሱ ይመርጣል፤ ካልሆነ ከብዙኃኑ መካከል በሹመት የሚቀድመው ይመርጣል። ረቂቁ ለወራት ሲዞር ሐሳቡን የሚለውጥ ዳኛም አይጠፋም።

መጋቢት 3 ቀን 2009 (እ.ኤ.አ.) ውሳኔው ወጣ። ስምንት ለአንድ በሆነ ድምፅ ቦርዱ ሕጉን በተሳሳተ መንገድ ስላየው ጉዳዩን እንደገና ይመርምር ተባለ። ብዙኃኑን ወክለው የጻፉት ዳኛ ኬኔዲ ነበሩ። ዳኛ ቶማስ ብቻቸውን “ሕጉ ግልጽ ነው፣ ለተገደደ ሰው የተለየ ነገር አላስቀመጠም” ብለው ተቃወሙ። ዳኛ ስቲቨንስ በበኩላቸው ይህን የሕግ ጥያቄ ለቦርዱ መመለስ ሳይሆን እዚሁ መፍታት የፍርድ ቤቱ ሥራ ነው አሉ።

ለስደተኛው ይህ የነገሩ መጨረሻ አልነበረም። ቦርዱ በ2018 ለተገደደ ሰው ጠባብ በር ከፈተ፤ በ2020 የወቅቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ መልሶ ዘጋው። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ ማለት መከራ አለቀ ማለት እንዳልሆነ ወገኖቻችን ይወቁት። በሌላ በኩል ፍርድ ቤቱ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕግ ትርጓሜ ቦታ የሚሰጠውን የ1984 ውሳኔውን በ2024 ራሱ ሻረው። በ2009 ተቃውሞ ሆኖ የተጻፈው “ሕግ መተርጎም የፍርድ ቤት ሥራ ነው” የሚለው ሐሳብ ከ15 ዓመት በኋላ የብዙኃኑ ሆነ።

እኛን የገረመን ይህ ነው። ምክክሩ ዝግ ነው፤ ምክንያቱ ግን ተጽፎ፣ ስም ሰፍሮበት ይወጣል። የተሸነፈውም ሐሳብ ከአሸናፊው ጎን ይታተማል። እነዚህ ዳኞች ሹመታቸው የዕድሜ ልክ ነው፤ የሾማቸው ፕሬዚዳንት በፍርዳቸው ስለከፋው ሊያባርራቸው አይችልም። ይሳሳታሉ፣ በፖለቲካ ወገንተኝነትም ይታማሉ። ስህተታቸው ግን በጽሑፍ ስላለ ማንም አንብቦ ሊሞግተው ይችላል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የመጨረሻውን የትርጓሜ ሥልጣን የሰጠው ለፍርድ ቤት ሳይሆን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት፣ ማለትም ለፖለቲከኞች ነው። በ1997ቱ ምርጫ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት የምርጫ ቦርዱም ሰብሳቢ እንደነበሩ አንረሳም። ታዲያ ሕዝብ አቤት የሚለው ለማን ነበር? በቅሎውን ብንረታ እንኳ “እንዴትና ለምን?” ለሚለው ጥያቄያችን የተጻፈ መልስ የምናገኝበትን ቀን ያሳየን።